ለጨጓራ የተሠራው ክኒን በማዋለጃ ክፍል

ሚሶፕሮስቶል የሚባል መድኃኒት አለ። ትንሽ ክኒን ነው፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ በውኃ ይዋጣል። የተሠራው ለጨጓራ ሕመም ነው። ዛሬ ግን ይበልጥ የሚታወቀው በማዋለጃ ክፍል ነው፤ ምጥ ለማስጀመርና ከወሊድ በኋላ የሚፈስን ደም ለመግታት። ሆኖም ሳይቶቴክ በሚባለው የመጀመሪያ የንግድ ስሙ የሚሸጠውን ክኒን ማሸጊያ ከፍቶ መግለጫውን ያነበበ ሰው የሚያገኘው ስለ ጨጓራ የተጻፈ ምክርና ለነፍሰ ጡር ሴቶች የተጻፈ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐኪሟ ያዘዘላት መድኃኒት መግለጫ ስለ እርሷ የሚለው በአብዛኛው ማስጠንቀቂያ መሆኑን ያየች እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም።

ይህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ጥቅምና ጉዳት እንዴት እንደሚመዘን ከመነሻው ያስረዳል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መግለጫው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። አንድ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት ሲሠራ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማስረጃ ያቀርባል። በአገራችን ይህ መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በአሜሪካ ደግሞ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር። ማስረጃው መድኃኒቱ ለየትኛው በሽታ፣ በምን መጠን፣ ለማን እንደተሞከረና ምን ውጤት እንዳሳየ ይናገራል። መሥሪያ ቤቱ ካመነበት ይፈቅዳል፤ የፈቀደው ነገርም በመግለጫው ላይ ይጻፋል። እንግዲህ መግለጫው ኩባንያው ጠይቆ የተፈቀደለትን ይመዘግባል እንጂ ስለ መድኃኒቱ የሚታወቀውን ሁሉ አይዘረዝርም። በአሜሪካ ሕግ ኩባንያው ካልተፈቀደለት አገልግሎት ውጭ መድኃኒቱን ማስተዋወቅ አይችልም፤ ሐኪሙ ግን በሙያው አመዛዝኖ ለሌላ ሕመም ሊያዝዘው ይችላል። ይህን ሐኪሞች ኦፍ ሌብል ይሉታል። እኛ ከመግለጫ ውጭ አጠቃቀም እንበለው።

በማንኛውም የሕክምና ዘርፍ ይህ ይደረጋል። በወሊድ ሕክምና ግን በተለይ ይበዛል፤ ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ታሊዶማይድ የሚባል የእንቅልፍ መድኃኒት ገበያ ላይ ዋለ፤ ለነፍሰ ጡሮች የጠዋት ማቅለሽለሽም ይሰጥ ነበር። በ1961 መጨረሻ ከገበያ ወጣ፤ በእርሱ ምክንያት በብዙ አገሮች ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ ወይም ሌላ ጉዳት ደርሶባቸው ተወለዱ። በአሜሪካ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባሉ የመሥሪያ ቤቱ መርማሪ ማስረጃው አልበቃኝም ብለው ፈቃድ በመከልከላቸው አገሪቱ ከአብዛኛው መከራ ተረፈች። በዓመቱ፣ በ1962፣ ኩባንያዎች የመድኃኒታቸውን ደኅንነት ብቻ ሳይሆን ፈዋሽነቱንም እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

ከዚህ ድንጋጤ ሁለት ነገር ተወለደ። አንዱ መልካም ነው፤ ቁጥጥሩ ጠበቀ። ሌላው ግን ያልታሰበ ነበር፤ ነፍሰ ጡር ሴቶች ከመድኃኒት ሙከራዎች ተገለሉ። በ1977 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ልጅ መውለድ የሚችሉ ሴቶች በመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች እንዳይካተቱ የሚመክር መመሪያ አወጣ፤ መመሪያው የተነሣው በ1993 ነው። በሙከራ ያልተካተተ ሰው በመግለጫው ላይም አይካተትም። በዚያ ላይ ለወሊድ የሚሆን ፈቃድ መጠየቅ ለኩባንያ አያዋጣም፤ ሙከራው ውድ ነው፤ እናትና ልጅ ላይ ጉዳት ቢደርስ ክሱ ከባድ ነው፤ ዋጋው ርካሽ ከሆነ አሮጌ መድኃኒት የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ኢምንት ነው። በእኔ እምነት ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ሴቶችን ለመጠበቅ ተብሎ የተደረገው መገለል መድኃኒት የሚያስፈልጋቸውን ሴቶች ያለ በቂ መረጃ አስቀርቷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። በመግለጫው ላይ የተጻፈ ሁሉ አስተማማኝ፣ ያልተጻፈ ሁሉ አደገኛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የወሊድ ሕክምና ታሪክ ግን ሁለቱንም ያፈርሳል። ዲኤቲልስቲልቤስትሮል የተባለው ሰው ሠራሽ ሆርሞን ውርጃን ይከላከላል ተብሎ በ1947 በአሜሪካ በሕግ ተፈቀደ። በ1953 በቺካጎ የተደረገ ጥናት ምንም ጥቅም እንደሌለው አሳየ፤ ቢሆንም መታዘዙ ቀጠለ። በ1971 የቦስተን ሐኪሞች እናቶቻቸው ይህን ሆርሞን በወሰዱ ወጣት ሴቶች ላይ በዚያ ዕድሜ የማይጠበቅ የብልት ካንሰር አገኙ። ይህ ሁሉ የሆነው በተፈቀደ መድኃኒት ነው። በቅርቡም ማኬና የተባለው መርፌ ያለጊዜው መውለድን ይከላከላል ተብሎ በ2011 ከተፈቀደ በኋላ፣ ሰፋ ያለ ጥናት ጥቅሙን ማሳየት ስላልቻለ በ2023 ፈቃዱ ተነሥቷል።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ኒውዚላንዳዊው ሐኪም ግራሃም ሊጊንስ አሉ። በበጎች ላይ ሲመራመሩ ስቴሮይድ የተሰጣቸው ግልገሎች ያለጊዜያቸው ቢወለዱም መተንፈስ መቻላቸውን አስተዋሉ። ከሥራ ባልደረባቸው ሮስ ሃዊ ጋር በ282 እናቶች ላይ ሞክረው በ1972 ውጤቱን አሳተሙ፤ ስቴሮይዱ ከተሰጣቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞቱት 3.2 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው ግን 15 በመቶ ነበሩ። ዛሬ ዴክሳሜታዞንና ቤታሜታዞን የተባሉት ስቴሮይዶች ያለጊዜያቸው ሊወለዱ ላሉ ሕፃናት ሳንባ ማጠንከሪያ በመላው ዓለም ይሰጣሉ። በአሜሪካ ግን ይህ አገልግሎታቸው በመግለጫው ላይ የለም።

መግለጫው ብቻውን የማይበቃ ከሆነ ታዲያ ምን ይመዘን? መልሱን ወደ ሚሶፕሮስቶል ተመልሰን እንፈልገው፤ ለትምህርት የሚሆን ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የክኒኑ አመጣጥ

ሰውነታችን ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ቅመሞችን ይሠራል። ስሙን ያወጡላቸው በ1930ዎቹ ስዊድናዊው ኡልፍ ፎን ኦይለር ናቸው፤ ምሥጢራቸውን የፈቱት ሱኔ በርግስትሮም፣ ቤንግት ሳሙኤልሶንና ጆን ቬን ደግሞ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እነዚህ ቅመሞች በየአካሉ ሥራቸው የተለያየ ነው። በጨጓራ ውስጥ አሲድ እንዲቀንስና የጨጓራ ግድግዳ እንዲጠበቅ ያደርጋሉ። በማህፀን ውስጥ ደግሞ ጠንካራውንና ዝግ የሆነውን የማህፀን በር ያለሰልሳሉ፤ የማህፀን ጡንቻም እንዲኮማተር ያደርጋሉ። ምጥ በተፈጥሮው የሚጀምረው በእነርሱም እገዛ ነው።

ሰርል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1973 ከፕሮስታግላንዲን ኢ1 ጋር የሚመሳሰል ሚሶፕሮስቶልን ሠራ። የተፈጥሮው ቅመም ቶሎ ይበላሻል፤ ይህኛው ግን በክኒን መልክ ይቆያል። በአሜሪካ በ1988 የተፈቀደው እንደ አስፕሪን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ለረዥም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ጨጓራቸው እንዳይቆስል ለመከላከል ነው። የክኒኑ መጠን 100 ወይም 200 ማይክሮግራም ሆነ። ይህን ቁጥር አንባቢው ይያዝልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

ክኒኑ በማህፀን ላይ ያለው ኃይል ከጅምሩ የታወቀ ነበር፤ ለነፍሰ ጡሮች የተከለከለውም ስለዚህ ነው። በብራዚል ከ1986 ጀምሮ በየመድኃኒት ቤቱ ይሸጥ ስለነበር ሴቶች ፅንስ ለማቋረጥ ይጠቀሙበት ጀመር፤ መንግሥትም በ1991 ሽያጩን ገደበ። በእርግዝና መጀመሪያ ወስደውት ፅንሱ ሳይወርድ የቀረ ከሆነ በሕፃኑ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል እንደሚችልም የታወቀው በአብዛኛው ከዚያው አገር ነው። በዚያው ዘመን የላቲን አሜሪካ ሐኪሞች ጊዜያቸው ለደረሰ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ማስጀመሪያ አድርገው ይሞክሩት ጀመር። በ1990ዎቹ ልምዱ ወደ ሰሜን አሜሪካና ወደ አውሮፓ ተስፋፋ።

ምጥ ማስጀመር ለምን ያስፈልጋል? እርግዝናው ከ41 ሳምንት ሲያልፍ፣ የእንሽርት ውኃ ፈስሶ ምጥ ሳይመጣ ሲዘገይ፣ ወይም እናቲቱ በእርግዝና ደም ግፊት ስትታመም ልጁ በማህፀን መቆየቱ ከመወለዱ ይበልጥ ያሰጋል። እንዲህ ሲሆን ምጡ እንዲመጣ ይረዳል፤ አለዚያ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። በሕንድ ናግፑር ከተማ የደም ግፊት ባላቸው 602 ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት በየሁለት ሰዓቱ 25 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶል ከዋጡት 57 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ በምጥ ሲወልዱ፣ በማህፀን በር በሚገባ ፊኛ ምጥ ከተጀመረላቸው ግን 47 በመቶው መሆናቸውን አሳይቷል።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

አሁን ወደ ሚዛኑ ሌላ ጎን እንሂድ። ማህፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ለጊዜው ይቀንሳል፤ ሲላላ ይመለሳል። ሕፃኑ የሚተነፍሰው በዚህ እረፍት ነው ማለት ይቻላል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ ከተኮማተረ እረፍቱ ያጥራል፤ የሕፃኑ ልብ ምት ሊዛባና ኦክስጅን ሊያጥረው ይችላል። ለምጥ የሚሰጡ መድኃኒቶች ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው። ሆኖም ሌላው የምጥ መድኃኒት ኦክሲቶሲን የሚሰጠው በደም ሥር በጠብታ ነው፤ ምጡ ሲበረታ ጠብታው ይዘጋል፤ ኃይሉም በደቂቃዎች ውስጥ ይቀንሳል። የተዋጠ ክኒን ግን ተመልሶ አይወጣም። ለዚህ ነው ሚሶፕሮስቶል በጥቂት በጥቂቱ፣ በጊዜ ተከፋፍሎ እንዲሰጥ የሚመከረው። የዓለም ጤና ድርጅት የ2011 መመሪያ በአፍ 25 ማይክሮግራም በየሁለት ሰዓቱ፣ ወይም በብልት በኩል 25 ማይክሮግራም በየስድስት ሰዓቱ ይላል። የሰዓቱ ልዩነት ከአካላችን አሠራር የመጣ ነው፤ በአፍ የተዋጠው ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ያልቃል፤ በብልት የተደረገው ቀስ ብሎ ለረዥም ሰዓት ይሠራል።

የክኒኑ መጠን 100 ወይም 200 ማይክሮግራም እንደሆነ እናስታውስ። የሚያስፈልገው 25 ነው፤ የባለ 200ው አንድ ስምንተኛ ማለት ነው። በብዙ ሆስፒታሎች ክኒኑ በምላጭ ተቆራርጦ ይሰጥ ነበር፤ አንዲት ሴት የሚደርሳት ቁራጭ ከሌላዋ ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል። በዚህ ላይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 50 ብሎም 100 ማይክሮግራም በአንድ ጊዜ የሚሰጡ ሐኪሞች ነበሩ። ለደረሰው ጉዳት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ለወሊድ ባለመመዝገቡ ለወሊድ በሚሆን መጠን ተሠርቶ አልቀረበም። ችግሩን ለማቃለል አንዱን ባለ 200 ክኒን በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ አሟሙቶ 25 ሚሊ ሊትር ለክቶ ማጠጣት የተለመደ ዘዴ ሆነ። ቀላል ሒሳብ ነው፤ ሴትን ያድናል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ የማህፀን መተርተር ነው። ቀደም ብላ በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት በማህፀኗ ላይ ጠባሳ አለ፤ ጠባሳው ከሌላው ጡንቻ ይልቅ ደካማ ነው። በ1998 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ጠባሳ ባላቸው ሴቶች ላይ ሚሶፕሮስቶልን መሞከር ጀምሮ ከ17ቱ የሁለቱ ማህፀን ስለተተረተረ ወዲያው ቆመ። በ2001 በዋሽንግተን ግዛት የተጠና ሰፊ መረጃ ደግሞ ልዩነቱን በቁጥር አስቀመጠ። ጠባሳ ካላቸው ሴቶች ምጥ በራሱ ሲመጣ ከ1,000 በ5.2፣ ያለ ፕሮስታግላንዲን ሲጀመር በ7.7፣ በፕሮስታግላንዲን ሲጀመር ግን በ24.5 ላይ መተርተር ደርሷል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በቀዶ ለወለደች ሴት ምጥ ለማስጀመር ሚሶፕሮስቶል እንዳይሰጥ ይመክራሉ። ይህ እውቀት በመግለጫው ላይ ቢመዘገብና ቀድሞ ቢጠና ኖሮ የእነዚያ ሴቶች ማህፀን ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ነሐሴ 2000 ላይ ሰርል ለአሜሪካ ሐኪሞች ደብዳቤ ጻፈ። ክኒኑ ለነፍሰ ጡሮች እንዳልተፈቀደ አስታውሶ የማህፀን መተርተርን፣ ብርቱ ደም መፍሰስን፣ የእናትንና የልጅን ሞት ጠቅሶ አስጠነቀቀ። ብዙ ሐኪሞች ተናደዱ፤ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅም በጥናት የተደገፈውን አጠቃቀም ተከላክሎ መለሰ። እናቶች ደግሞ ያልተነገራቸውን አደጋ ከጋዜጣ ሰሙ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት ነበረው፤ ማስረጃው ጠባሳ ለሌላት ሴትና ለትንሽ መጠን ጠንካራ ነበር፤ ለሌሎች ግን አልነበረም። በ2002 መግለጫው ተሻሻለ። ነፍሰ ጡርን የሚከለክለው ቃል ክኒኑን ለጨጓራ ለሚወስዱት እንዲወሰን ተደረገ፤ ስለ ምጥ የሚናገር ክፍልም ከነማስጠንቀቂያው ተጨመረ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ባለ 25 ማይክሮግራሙን ሚሶፕሮስቶል በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው።

በአውሮፓም ክርክሩ አልበረደም። በፈረንሳይ ሳይቶቴክ በመጋቢት 2018 ከገበያ ወጣ። በጀርመን በ2020 የጋዜጦች ዘገባ ሕዝቡን አነጋገረ፤ የመድኃኒት ተቆጣጣሪውም ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ ላከ። መፍትሔው ቀስ እያለ የመጣው በሌላ በኩል ነው፤ አንጉስታ የሚባል፣ ለምጥ ማስጀመሪያ የተመዘገበ ባለ 25 ማይክሮግራም ክኒን በ2017 በዴንማርክ ተፈቀደ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ገባ። መድኃኒቱ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑ፣ መግለጫውና ኃላፊነት የሚወስድለት ኩባንያ መኖሩ ነው።

ከወሊድ በኋላ ሚዛኑ ይገለበጣል

እስካሁን ያልነው ልጁ ገና በማህፀን ሳለ ያለውን ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። በዓለም ላይ ከሚሞቱ እናቶች ሩብ የሚያህሉትን የሚገድለው የደም መፍሰስ ነው፤ ከዚህም የሚበዛው ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ነው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ የተከፈቱት የደም ሥሮች የሚዘጉት ማህፀኑ ሲጨመቅ ነው። ማህፀኑ ልል ሆኖ ከቀረ ግን ጤናማ የነበረች ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ቅድም የፈራነው የሚሶፕሮስቶል ብርቱ ጭመቃ አሁን የሚፈለገው ነገር ሆነ። ለመከላከል የሚሰጠው መጠን እስከ 600 ማይክሮግራም ይደርሳል፤ ምጥ ለማስጀመር ከሚሰጠው አንድ መጠን 24 እጥፍ ነው። ያቺው ሴት፣ ያው መድኃኒት፣ በአንድ ቀን ውስጥ። ጉዳቱም አነስተኛ ነው፤ በብዛት የሚታየው ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና ተቅማጥ ነው። አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ግን አለ። ክኒኑን ከመስጠት በፊት በማህፀን ውስጥ ሁለተኛ ልጅ አለመኖሩ ይረጋገጥ፤ መንታው ሳይወጣ 600 ማይክሮግራም መስጠት ለልጁም ለእናቲቱም ትልቅ አደጋ ነው።

ደም መፍሰስን ለመከላከል ኦክሲቶሲን ከዚህ ክኒን ይበልጣል? አዎ። የዓለም ጤና ድርጅት በዘጠኝ አገሮች ከ18,000 በላይ ሴቶችን አሳትፎ በ2001 ባሳተመው ጥናት አንድ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም የፈሰሳቸው ኦክሲቶሲን ከተወጉት 3 በመቶ፣ ሚሶፕሮስቶል ከዋጡት 4 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ኦክሲቶሲን ባለበት ኦክሲቶሲን ይቀድማል። ነገር ግን ኦክሲቶሲን መርፌ ነው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የሚወጋ ባለሙያም ያሻዋል። መብራት በሌለበት ቀበሌ፣ በቤቷ በምትወልድ ሴት ዘንድ ኦክሲቶሲን አይገኝም። የክኒኑ ተወዳዳሪ እዚያ ባዶ እጅ ነው። በሕንድ ካርናታካ ግዛት በቤልጋም ገጠር በረዳት አዋላጆች እጅ የወለዱ 1,620 ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት የታተመው በ2006 ነው፤ ክኒኑን ከወሰዱት ደም የፈሰሳቸው 6.4 በመቶ፣ ካልወሰዱት 12 በመቶ ነበሩ። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅት ደም መፍሰስን ለመከላከል በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አካተተው።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከ100,000 ሕያው ወሊድ 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2000 ቁጥሩ 871 እንደነበር ስናስብ ምን ያህል መንገድ እንደተጓዝን ይታያል፤ በ2019ም በተቋም የሚወልዱት 48 በመቶ ደርሰዋል። በትግራይ ገጠር የልምድ አዋላጆች ሚሶፕሮስቶልን ለወላዶች እንዲሰጡ ሰልጥነው ውጤቱ ተጠንቷል፤ ክኒኑም ደም መፍሰስን ለመከላከል በአገራችን ሥራ ላይ ውሏል። አዋላጅ ነርስ በሌለችበት ቦታ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቦርሳዋ ይዛው ልትደርስ የምትችለው መድኃኒት ይህ ነው።

ቦታ ሚዛኑን እንደሚለውጥ የስቴሮይዱም ታሪክ ያስተምራል። ሊጊንስ ያገኙት ነገር በሆስፒታል ስለሠራ በገጠርም ይሠራል ተብሎ በስድስት አገሮች ወደ 100,000 የሚጠጉ ወሊዶችን ያካተተ ሙከራ ተደረገ። በ2015 የታተመው ውጤት አሳዛኝ ነበር፤ ስቴሮይዱ በተስፋፋባቸው አካባቢዎች ከ1,000 ሕፃናት 27.4፣ ባልተስፋፋባቸው 23.9 ሞቱ። የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል ስለማይታወቅ መድኃኒቱ ለማያስፈልጋቸው ብዙ እናቶች ተሰጥቶ ነበር፤ ለተወለዱት ትንንሽ ሕፃናትም የሚበቃ እንክብካቤ አልነበረም። ቀጥሎ በባንግላዴሽ፣ በሕንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን፣ በአልትራሳውንድ ዕድሜው በተረጋገጠና የሕፃናት እንክብካቤ ባላቸው ሆስፒታሎች ዴክሳሜታዞን ሲሞከር ግን የሕፃናት ሞት ከ23.5 በመቶ ወደ 19.6 በመቶ ቀነሰ። ውጤቱ የወጣው በ2020 ነው።

ማስረጃ ሳይኖር በልማድ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒትም እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ተርቡታሊን የአስም መድኃኒት ነው፤ ያለጊዜው የመጣን ምጥ ለማቆም ለሳምንታት ሲሰጥ ቆይቶ፣ በእናቶች ልብ ላይ ባደረሰው ጉዳትና ሞት ምክንያት የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በ2011 ከ48 እስከ 72 ሰዓት ካለፈ እንዳይሰጥ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ተርቡታሊንም ሚሶፕሮስቶልም ከመግለጫ ውጭ ታዘዋል። የሚለያቸው ከኋላቸው ያለው ጥናት ነው።

ወላድና ቤተሰቧ ምን ይጠይቁ?

ሐኪሙን ወይም አዋላጇን ለመጠየቅ መፍራት አያስፈልግም። ምጤ በመድኃኒት እንዲጀመር ያስፈለገው ለምንድን ነው፤ ብንጠብቅስ ምን ይሆናል? የሚሰጠኝ መድኃኒት ስሙ ማን ነው፣ መጠኑ ስንት ነው፣ በስንት ሰዓት ይደገማል? የልጄን ልብ ምት ማን፣ በየስንት ጊዜው ያዳምጣል? ምጡ ከመጠን በላይ ቢበረታ እዚሁ ቀዶ ሕክምና ይሠራል ወይስ ወደ ሌላ ሆስፒታል እላካለሁ? የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አትዝለሉት። ባለ 25 ማይክሮግራሙ መጠን ደኅንነቱ የተረጋገጠው ክትትል ባለበት ቦታ ነውና።

ባለሙያውም ቢሆን መድኃኒቱ ለዚህ አገልግሎት በመግለጫው ያልተጻፈ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ መናገር፣ ለምን እንደመረጠው ማስረዳትና በካርዱ ላይ መጻፍ ይገባዋል። ሴትየዋ ተጨንቃ እምቢ ትላለች ብሎ መደበቅ መብቷን መንፈግ ነው፤ ጉዳት ከደረሰም እምነቱ የሚሰበረው በአንድ ሐኪም ላይ ብቻ አይሆንም።

ከዚህ ቀደም በኦፕራሲዮን የወለደች ወይም በማህፀኗ ላይ ሌላ ቀዶ የተደረገላት ሴት ደግሞ ማንም ባይጠይቃትም በመጀመሪያው የቅድመ ወሊድ ክትትል ቀን ትናገር፤ ምጥ ይዟት ስትገባም ደግማ ትናገር። ካርዷ ቢጠፋ፣ ተረኛው ቢቀየር፣ ሆስፒታሉ አዲስ ቢሆን፣ አብሯት ያለው ባሏ ወይም እናቷ ይህን አንድ ነገር ቀድመው ያሳውቁላት፤ ክኒኑ ከመሰጠቱ በፊት።